ከቡናው ጎን አንድ መጽሐፍ

ልጁ መጽሐፍ እንዲወድ የማይመኝ ወላጅ ማግኘት ያስቸግራል። ታዲያ ቤት ውስጥ ለምን አይነበብም ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰማው መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ጊዜ የለም። ይህን መልስ እንደ ሰበብ መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ልጆቹን ለትምህርት ቤት የሚያሰናዳ፣ ታክሲ ለመያዝ የሚሰለፍ፣ ማታም ያንኑ ሰልፍ ጠብቆ ቤቱ ሲደርስ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት የሚሆንበት ሰው በእርግጥም ጊዜ የለውም። የገጠሯን እናትም ውኃው፣ ማገዶው፣ ገበያውና ጓዳው ሲያባክኗት ይውላሉ። ለሁለቱም የምትተርፋቸው ጥቂት ጉልበት በቤት ሥራና በራት መካከል ታልቃለች። "ለልጃችሁ በየቀኑ የንባብ ሰዓት መድቡ" የሚለው የተለመደ ምክር እንዲህ ላለው ቤተሰብ ጸጸት ከመጨመር በቀር የሚፈይደው የለም።

እንደ እኔ እምነት ትልቁ ችግር ንባብን ያስቀመጥንበት ቦታ ነው። ከቤተሰብ ኑሮ አውጥተን ለትምህርት ቤት አስረክበነዋል። ልጅ ጥግ ይዞ፣ ብቻውን፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ ለፈተና ሲል የሚሠራው ሥራ ሆኗል። እንዲህ ያለው ሥራ የራሱን ሰዓት፣ የራሱን ጠረጴዛና የራሱን ጸጥታ ይፈልጋል፤ በተጣበበ ቤት ውስጥ ደግሞ ሦስቱም አይገኙም። በድምፅ የሚነበብ፣ ሁለት ሦስት ሰው የሚካፈለው፣ በቤቱ ቀድሞ ከነበረ ልማድ ጋር አብሮ የሚሄድ ንባብ ግን የተለየ ሰዓት አያሻውም። አሥር ደቂቃ ይበቃዋል፤ አሥሩም ደቂቃ ከሌላ ሥራ ጎን ሊገኝ ይችላል። ከዚህ በታች ይህ ለምን እንደሚሠራ፣ የሚነሱበት ተቃውሞዎችም ምን ያህል ክብደት እንዳላቸው ለማሳየት እሞክራለሁ።

ጉዳዩ የቅንጦት እንዳይመስል በመጀመሪያ ልጆቻችን ያሉበትን ማየት ያስፈልጋል። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች፣ ልጆቹ በሚማሩበት የአፍ መፍቻ ቋንቋ በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ በክፍላቸው ደረጃ ከተጻፈ አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሦስተኛ ክፍል ከደረሱትም 20 በመቶዎቹ እንደዚያው ነበሩ። ዓለም ባንክ ከዚያ ወዲህ ባወጣው ግምት ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ አሥር ዓመት ከሞላቸው ልጆች 90 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። እነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ፊደልም ቆጥረዋል። የጎደላቸው ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም ለመረዳት የራሳችንን ጽሕፈት ጠባይ ማየት ይጠቅማል።

ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን 231 ቅርጾች አንድ በአንድ የለየ ልጅ ገና አንባቢ አልሆነም። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን የሚያመጣው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው። ፊደል በፊደል እየለቀመ የሚሄድ ልጅ ግሱ ላይ ሲደርስ ባለቤቱ ማን እንደነበር ጠፍቶበታል። ቃሎቻችንም ከፊትም ከኋላም እየተቀጠለባቸው ይረዝማሉ፤ "አልመጡልንም" የምትለዋ አንዲት ቃል ማን እንዳልመጣ፣ ለማን እንዳልመጣ፣ ጊዜውንና አሉታውን ሁሉ ተሸክማለች። በዚህ ላይ ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። "አለ" የሚለው ተናገረ ለማለት ይሁን ይገኛል ለማለት፣ "ገና" የሚለው በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ጊዜ፣ ወረቀቱ ላይ ምንም ምልክት የለም። አንባቢው የሚለየው ዓረፍተ ነገሩ በጆሮው ስላለ ነው። እንግዲህ ብዙ የመጽሐፍ ዓረፍተ ነገር ሰምቶ የማያውቅ ልጅ ፊደሉን ሁሉ ቢያውቅም ቃሉን በትክክል ለማንሳት የሚረዳው ስንቅ አነስተኛ ነው። ልጆች በታጨቁበት ክፍል ውስጥ ያለ መምህር ለእያንዳንዱ ልጅ ይህን ጆሮ ሊሰጠው አይችልም። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ግን ይችላል፤ የሚሰጠውም ጮክ ብሎ በማንበብ ነው።

አብረን ስንነጋገር የምንውልስ አይበቃም ወይ የሚል ሰው ይኖራል። ወሬ ለልጅ ቋንቋ መሠረቱ ነው፤ ነገር ግን የቤት ወሬ ዞሮ ዞሮ በጥቂት ቃላት ላይ ይሽከረከራል። ና፣ ብላ፣ ተኛ፣ ጫማህን አድርግ፣ የቤት ሥራህን ጨረስክ ወይ። እ.ኤ.አ. በ1988 ዶናልድ ሄይስና ማርጋሬት አረንስ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ላይ ባደረጉት ቆጠራ፣ የተማሩ አዋቂዎች እርስ በርስ ሲያወሩ ከሺህ ቃል መካከል 17 ያህሉ ብርቅ የሚባሉ ቃላት ሲሆኑ፣ በልጆች መጻሕፍት ውስጥ ግን 31 ያህል ሆነው ተገኙ። የልጅ መጽሐፍ ከተማረ ሰው ጨዋታ በቃላት ይበልጣል ማለት ነው። ቆጠራው በአማርኛ ቢደረግ አኃዙ ምን እንደሚሆን መናገር ባይቻልም፣ አቅጣጫው ግን ለማንም ግልጽ ይመስለኛል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያደገ ልጅ ጎተራን፣ ሸንተረርን፣ ማሳን፣ ጀንበርን ከቤት ወሬ አያገኛቸውም፤ ከተረትና ከመጽሐፍ እንጂ። አራተኛና አምስተኛ ክፍል ሲደርስ የኅብረተሰብና የሳይንስ መጻሕፍቱ የሚጠብቁት እነዚህን የመሰሉ ቃላት ይዘው ነው።

የንባቡ ርዝመት ብዙ ጊዜ ወላጅን ያስጨንቃል፤ ከርዝመቱ ይልቅ የሚበልጠው ግን አነባበቡ መሆኑን የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ አለ። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1988 ኒውዮርክ ውስጥ ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ ሁለትና ሦስት ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች ወላጆች በሁለት ከፈሏቸው። ሁለቱም ቡድኖች ለልጆቻቸው ያነብባሉ። አንደኛው ቡድን እንደ ልማዱ እንዲያነብ ተተወ፤ ሌላው ግን በመሀል ቆም እያለ እንዲጠይቅ ተመከረ። ይሄ ምን እያደረገ ነው፣ ለምን አለቀሰ፣ ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሃል እያለ፣ የልጁንም መልስ እየተቀበለና እያሰፋ እንዲያነብ ማለት ነው። ከአንድ ወር በኋላ ሲመዘኑ፣ የሚጠየቁት ልጆች ሐሳባቸውን በቃል በመግለጽ ከሌሎቹ በስምንት ወር ተኩል ያህል ቀድመው ተገኙ። ይህ ሥራ ለበዛበት ወላጅ የምሥራች ነው። አምስት ገጽ እየተጠያየቁ ማንበብ ሃያ ገጽ በጥድፊያ ከመጨረስ ይሻላል፤ ልጁ ጥያቄ አንስቶ ጨዋታው ወደ ሌላ ቢሄድና መጽሐፉ ሳይጨረስ ቢቀርም የጠፋ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። የሚያነብቡ ቤተሰቦች ቀድሞውንም የተማሩና የተሻለ ገቢ ያላቸው ናቸው፤ ልጆቻቸው የሚጎብዙት በመጽሐፉ ሳይሆን በኑሯቸው ነው ይባላል። ተቃውሞው ከፊሉ እውነት ነው፤ በቁጥርም ይታያል። የሠለጠኑ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባደረገው የ15 ዓመት ወጣቶች ምዘና፣ አንደኛ ክፍል ሳሉ ወላጆቻቸው በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ ያነበቡላቸው ተማሪዎች ካልተነበበላቸው በአማካይ 25 ነጥብ በለጡ። የቤተሰቡ የኑሮ ደረጃ ከስሌቱ ሲወጣ ብልጫው ወደ 14 ነጥብ ዝቅ አለ። ኑሮ የራሱ ድርሻ ነበረው፤ ንባቡም የራሱ። ሜሪያ ኢቫንስና ባልደረቦቿ በ27 አገሮች ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ሥራ ደግሞ፣ ብዙ መጽሐፍ ባለበት ቤት ያደጉ ልጆች መጽሐፍ ከሌለበት ቤት ካደጉት በአማካይ ሦስት ዓመት ያህል የበለጠ ትምህርት እንደሚገፉ፣ ይህም የወላጅ ትምህርትና ሥራ እኩል ሆኖ ሲወሰድም እንደሚጸና አሳይቷል። ከዚህ ሁሉ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር አንድ ሌላ ግኝታቸው ነው፤ ከመጻሕፍቱ ይበልጥ የሚጠቀሙት ያልተማሩ ወላጆች ልጆች ናቸው፤ ትልቁም ልዩነት የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መጻሕፍት ነው።

ያልተማሩ ወላጆች ከተነሱ ዘንድ፣ በአገራችን ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ማንበብ የማይችል ወላጅ ምን ያድርግ? መልሱን ደቡብ አፍሪካ፣ ከኬፕ ታውን ዳር ካለችው ከካየሊቻ መንደር ማግኘት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ ገና ሁለተኛ ዓመታቸውን የጀመሩ ሕፃናት እናቶች በዕጣ ተከፍለው፣ ግማሾቹ ለስምንት ሳምንት መጽሐፍ ከልጅ ጋር መካፈልን ሠለጠኑ። መጻሕፍቱ በአብዛኛው ሥዕል እንጂ ጽሑፍ የሌላቸው ነበሩ። እናቶቹ ሥዕሉን እያሳዩ፣ ልጁ ያየውን እየተከተሉ፣ ስም እየነገሩና እየጠየቁ ይጫወታሉ። በመጨረሻ ልጆቹ በቋንቋም፣ ልብ ብሎ አንድን ነገር በመከታተልም ካልሠለጠኑት እናቶች ልጆች በልጠው ተገኙ። ክፍፍሉ በዕጣ ስለሆነ ልዩነቱን የኑሮ ነው ማለት አይቻልም። በአገራችንም ሕፃናትን አድን ድርጅት ባካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2017 ጥናቱ በታተመ ሥራ፣ መዋዕለ ሕፃናት በሌለባቸው አካባቢዎች ወላጆች በቤታቸው ከልጆቻቸው ጋር ቀላል የቋንቋና የቁጥር ጨዋታ እንዲጫወቱ ሲረዱ፣ ልጆቹ መዋዕለ ሕፃናት ከሚውሉት ጋር የሚቀራረብ መሻሻል አሳይተዋል። ከእነዚህ ወላጆች ብዙዎቹ ፊደል ያልቆጠሩ ናቸው።

እንዲህ በድምፅና በጋራ መካፈል ለእኛ አዲስ ነገር ሊሆን አይገባውም ነበር። በአገራችን ንባብ ለብዙ መቶ ዓመታት ድምፅ ነበረው። የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ከፊደል ተነስቶ ዳዊት እስኪደግም ድረስ የሚማረው ጮክ ብሎ ነው፤ የቁርኣን ቤት ተማሪም እንዲሁ። ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ባለበት መንደር ደብዳቤ የሚነበበው ለቤተሰብ፣ አንዳንዴም ለጎረቤት ጭምር ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን ገልጠው የማያውቁ ሰዎች በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ዘመድ አወቋቸው። ያን የሰሙ ሰዎች ሥራ ፈተው አልነበረም፤ እጃቸው በሌላ ነገር እንደተያዘ ጆሯቸውን ሰጥተው ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ተማሪ የሆነ ወጣት አባትና እናት ለሚሆኑት ሰዎች ፊደል የሚያስቆጥርበትን ጊዜ አሳይቶናል። ንባብ ከትልቅ ወደ ትንሽ ብቻ መፍሰስ አለበት የሚል ሕግ የለም። ሦስተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ፊደል ለማታውቅ እናቷ ስታነብ፣ እናት "ከዚያስ ምን ሆነ?" ብላ ስትጠይቅ፣ ሁለቱም ተጠቃሚ ናቸው። ልጅቷ ዋጋ ያለው ሥራ እየሠራች መሆኗን ታውቃለች፤ እናትም ልጇ ምን ያህል እንደገፋች ከካርዱ በተሻለ ትረዳለች።

አሁን ወደ ሰዓቱ ጉዳይ ልመለስ። ፊሊፓ ላሊ የምትባል ተመራማሪ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን 96 ሰዎች አንድ አዲስ ልማድ ለመያዝ ሲሞክሩ ተከታትላ ነበር። ሰዎቹ አዲሱን ነገር በየቀኑ ከሚያደርጉት ከሌላ ነገር ቀጥሎ እንዲያደርጉት ነበር የተነገራቸው፤ ከቁርስ በኋላ እንደማለት። ልማዱ ያለ ትግል የሚሄድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀ፤ ለአንዳንዱ 18 ቀን ሲበቃው ለሌላው እስከ 254 ቀን እንደሚደርስ ተገመተ። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ልማዱን አላፈረሰውም። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ንባብ የሚይዘው ቀድሞ በቤቱ ካለ ነገር ጋር ሲቋጠር ነው። ሁለተኛ፣ ሁለት ሳምንት ሞክሮ "እኛ ቤት አይሆንም" ማለት ገና ሳይጀመር ማቆም ነው፤ እንግዳ ሲመጣ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ልቅሶ ሲደረስ የሚታለፍ ቀንም ጸጸት አያሻውም።

ታዲያ ከምን ጋር ይቋጠር? የኢትዮጵያ ቤት በዚህ ሀብታም ነው። ቡና አለ። ከመቁላቱ እስከ በረካው ድረስ ሰው ተሰብስቦ የሚቀመጥበት፣ ለመነሳት የማይቸኮልበት ሰዓት ነው። በአቦልና በቶና መካከል አንዲት አጭር ታሪክ ብትነበብ ጨዋታው አይቋረጥም፤ እንዲያውም የሚጫወቱበት ነገር ይገኛል። ምስር ሲለቀም፣ በርበሬ ሲቀነጠስ፣ ሽንኩርት ሲከተፍ የእናት እጅ ተይዟል፤ ጆሮዋ ግን ነፃ ነው፤ ልጁ አጠገቧ ተቀምጦ ሊያነብላት ይችላል። ሹሩባ የምትሠራ ልጅ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳትነቃነቅ ትቀመጣለች፤ መጽሐፉ ጭኗ ላይ ሊሆን ይችላል፤ የምትሠራትም ትሰማለች። የታክሲ ሰልፍ ላይ ፊደል የለየ ትንሽ ልጅ ታፔላውንና የሱቁን ማስታወቂያ ሁሉ ሊያነብ ይችላል፤ ይህም ንባብ ነው። የመኝታ ሰዓትስ ለትንንሾቹ ከሁሉ የተመቸ ነው፤ ግን ወላጅ ማታ ሁለት ሰዓት ደክሞ በሚገባበት ቤት የመኝታ ሰዓትን ብቻ መጠበቅ ራስን ለሽንፈት ማዘጋጀት ነው። የቅዳሜ ጠዋት አሥር ደቂቃ ከማይመጣ የማታ ግማሽ ሰዓት ይበልጣል።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አግባብ አይሆንም። "ቤተሰብ ያንብብ" ሲባል ብዙ ጊዜ በተግባር "እናት ታንብብ" ማለት ነው፤ ቀድሞውንም በተጫነ ጀርባ ላይ ሌላ ሸክም። የእኔ ክርክር የሚቆመው ሥራው ሲከፋፈል ብቻ ነው። አባት ዜና ከሚከታተልበት ጊዜ አሥር ደቂቃ መስጠት አለበት፤ ወንድ ልጅ አባቱ መጽሐፍ ይዞ ካላየ ንባብን የሴቶችና የመምህራን ጉዳይ አድርጎ ያድጋል። አያት ያሉበት ቤት ተረቱን አያት ይናገሩ፤ ትልቋ ልጅ ትጻፈው፤ ትንሹ መልሶ ያንብበው። በዚህ መንገድ ቤቱ የራሱን መጽሐፍ ይሠራል። ደግሞም በከተማ ብዙ ቤት ልጁ ከወላጆቹ ይበልጥ አብሮ የሚውለው ከሞግዚቱ ወይም ከቤት ሠራተኛዋ ጋር ነው። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ የማታ ትምህርት የሚማሩም አሉ። መጽሐፉን ለእሷም ክፍት ማድረግ፣ ከልጁ ጋር እንድታነብ ጊዜ መስጠት፣ የማታ ትምህርቷንም ማክበር ለልጁም ለእሷም ይጠቅማል። ልጁን ይዛ የምትውለዋን ሰው ከንባብ ውጭ አድርጎ ስለ ቤተሰብ ንባብ መናገር ግማሹን ቤት መርሳት ነው።

ተረት መናገር ብቻውን አይበቃም ወይ የሚሉ አሉ። አባባ ተስፋዬ ለ42 ዓመታት በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩ ትውልድ ያሳደጉት መጽሐፍ ይዘው ሳይሆን በቃላቸው ነው ቢባል እውነት ነው። ተረት የታሪክን አካሄድ ያስተምራል፤ መነሻውን፣ ችግሩን፣ መፍቻውን። መጽሐፍ የሚጨምረው፣ ያ ሁሉ ታሪክ በእነዚህ በጥቁር ምልክቶች ውስጥ እንዳለና ልጁ ራሱ ሊከፍተው እንደሚችል ማሳየት ነው። ተረት ያለበት ቤት ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ ስለዚህ ሁለቱን ማወዳደር ሳይሆን ማገናኘት ያስፈልጋል።

መጽሐፍ ውድ ነው የሚለው ቅሬታ ትክክል ነው፤ የወረቀትና የኅትመት ዋጋ በየጊዜው ሲወጣ እናያለን። ግን ለትንሽ ልጅ ብዙ መጽሐፍ አስፈላጊ አይደለም። ጄሲካ ሆርስትና ባልደረቦቿ በእንግሊዝ አገር ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ አንዱን ታሪክ ደጋግመው የሰሙ የሦስት ዓመት ልጆች ቃላቱን በተለያዩ ታሪኮች ውስጥ ያንኑ ያህል ጊዜ ከሰሙት ይልቅ አዳዲስ ቃላትን በተሻለ ያዙ። ልጅ "ያንኑ ድገሚልኝ" ሲል ወላጅ ይሰለቻል፤ ልጁ ግን እየተማረ ነው። አራትና አምስት መጽሐፍ ለዓመት ይበቃል፤ ሦስት ጎረቤታሞች ሲለዋወጡ ደግሞ እስከ አሥራ አምስት ይደርሳል። በኢንተርኔት ያለ ክፍያ የሚገኙም አሉ፤ ደቡብ አፍሪካ የተቋቋመው የአፍሪካ የተረት መጻሕፍት ድረ ገጽ በአማርኛ የተተረጎሙ ሥዕላዊ ታሪኮችን ይዟል፤ ማተም የሚችል ሰው አትሞ ሊያሰፋቸው ይችላል።

ስልክስ? ልጅን ከስልክ መከልከል ብቻውን የትም አያደርስም፤ ወላጅ ራሱ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ከዋለ ደግሞ ልጁ የሚቀዳው ያየውን ነው። ስልክ ላይ ማንበብም ንባብ ነው፤ ሆኖም ለትንንሾቹ ልዩነት አለው። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ጥናት ወላጆችና ትንንሽ ልጆች በታብሌት ሲያነቡ ከወረቀት መጽሐፍ ይልቅ እርስ በርስ የሚነጋገሩት እንደሚያንስ አሳይቷል። ንግግሩ ደግሞ ዋናው ነገር እንደሆነ አይተናል። ስልክ በእውነት የሚጠቅምበት ቦታ ግን አለ። በቤይሩት፣ በሪያድ ወይም በዱባይ በሥራ ላይ ያለች እናት ልጇ ከአያቱ ጋር ሲያድግ አንድ ታሪክ በድምፅ ቀድታ ልትልክለት ትችላለች፤ ልጁም መጽሐፉን ገልጦ ድምጿን እየሰማ መስመሩን በጣቱ ሊከተል ይችላል።

ልጄ የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ ነው የሚሉ ወላጆችም ብዙ ናቸው። ፍላጎቱ የሚገባ ነው፤ መንገዱ ግን የተሳሳተ ይመስለኛል። ታሪክን መከተል፣ ያልተነገረውን መገመት፣ ለምን ብሎ መጠየቅ ልጅ መጀመሪያ የሚለምደው በሚገባው ቋንቋ ነው፤ ከለመደው በኋላ ወደ ሌላው ቋንቋ ይዞት ይሄዳል። በማይገባው ቋንቋ የሚነበብለት ልጅ ድምፅ ይሰማል እንጂ ታሪክ አይሰማም። ወላጁም በማይመቸው ቋንቋ እየተንተባተበ ሲያነብ መጠያየቁ ይጠፋል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለው ቤተሰብ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ እዚያ የመንገዱ ቋንቋ በራሱ ይመጣል፤ አማርኛው ነው ከወላጅ አፍና ከመጽሐፍ በቀር ሌላ መኖሪያ የሌለው።

ልጁ ራሱን ችሎ ማንበብ ሲጀምር ብዙ ወላጅ እፎይ ብሎ ይተወዋል። ይህ የሚያስቆጨኝ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ላይ መጽሐፉ በድንገት ይከብዳል፤ ሥዕሉ ይቀንሳል፤ ልጁ ሰምቶ የሚረዳው ታሪክ ራሱ አንብቦ ሊረዳው ከሚችለው ገና ይቀድማል። አንድ ገጽ ወላጅ፣ አንድ ገጽ ልጅ እየተቀባበሉ ማንበብ በዚህ ጊዜ ይጠቅማል። ሲሳሳት በየቃሉ ማረም ግን ልጁን ያሸማቅቀዋል፤ ትርጉሙን የሚያፈርስ ስህተት ብቻ ይታረም፤ ሌላው ይለፍ። ንባብ የቅጣት መሣሪያም መሆን የለበትም። አጥፍቶ "ሂድና መጽሐፍህን አንብብ" የተባለ ልጅ መጽሐፉን ከጥፋቱ ጋር አያይዞ ያስታውሰዋል።

ቤተሰቡ ይህን ሁሉ ቢያደርግም መጽሐፉ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ለብቻው የሚፈታው አይደለም። ሳን ፍራንሲስኮ በልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛነት ያገለገሉት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ፈልገው ባጡ ጊዜ የማሞ ቂሎን ተረት በሁለት ቋንቋ አሳተሙ፤ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ በሐዋሳ አካባቢም በአህያ የሚጎተት የጋሪ ቤተ መጻሕፍት ወደ ልጆቹ መንደር ሄደ። በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ አብርሆትን የመሰለ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አገኘች፤ ደስ የሚያሰኝ ነው። አሥር ደቂቃዋን ከቡናው ጎን ለምታገኝ እናት ግን የሚጠቅማት በእግር የሚደረስበት፣ ቅዳሜና እሑድ ክፍት የሆነ፣ ልጁ መጽሐፍ ተውሶ ወደ ቤቱ የሚወስድበት ትንሽ የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ነው። ትምህርት ቤቶችም ሣጥን ውስጥ ቆልፈው የሚያስቀምጧቸውን መጻሕፍት ዓርብ ለልጆቹ ሰጥተው ሰኞ ሊቀበሉ ይችላሉ፤ ጥቂቱ ይቀደዳል፤ ጥቂቱም ይጠፋል፤ ይህም በበጀቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ወጪ ነው። አሳታሚዎች ደግሞ የልጅ መጽሐፍ ሲያወጡ ፊደሉን ከፍ፣ ዓረፍተ ነገሩን አጠር፣ ሥዕሉን ሰፋ አድርገው፣ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን ሽፋኑ ላይ ቢጽፉ፣ ገበያ ላይ ለሁለት ደቂቃ ቆማ የምትመርጠውን እናት ትልቅ ድካም ይቀንሱላታል።